ውዳሴ ለጨዋው ግድግዳ

ስልጣኔ ማለት ጥርሱን የታመመ ሰው ሐኪሙን በዓይኑ አይቶ ከማያውቅ፣ ክሊኒኩ በየትኛው ጎዳና እንዳለ እንኳ ካልተነገረው ሰው ጋር በትሕትና ሲነጋገር ነው።

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ይህ ስልጣኔ ሞልቶ ፈሷል። ወደ ጥርስ ክሊኒክ ስትደውሉ ስልኩን የምታነሳው ሴት ሌላ ስቴት ውስጥ፣ ቤቷ፣ የጆሮ ማዳመጫዋን አጥልቃ የተቀመጠች ናት። ቨርቹዋል ሪሴፕሽኒስት ይሏታል። ስልኩ ሲጠራ የተደወለለት ድርጅት ስምና የምታነበው ሰላምታ ኮምፒውተሯ ላይ ብቅ ይላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጥርስ ሐኪም ቤት ናት፤ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ የፍቺ ጠበቃ፣ ቀጥሎ ቀብር አስፈጻሚ። ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ደስታ ትቀበላለች።

ጥቅሙ ተቆጥሮ አያልቅም። ሐኪሙ ለወንበር፣ ለቡና፣ ለዓመት ፈቃድ አያወጣም፤ ሒሳቡ የሚታሰበው በደቂቃ ነው። በሽተኛውም ብቻውን ከሚቃጠል፣ ሰው እየሰማው ይቃጠላል።

«ዶክተሩ ዛሬ አለ?»

«መልእክትዎን በደስታ አስተላልፋለሁ።»

«ቀጠሮዬን ወደ ሐሙስ ማዛወር ይቻላል?»

«መልእክትዎን በደስታ አስተላልፋለሁ።»

«መኪና ማቆሚያው ከሕንፃው ጀርባ ነው?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው!»

ጥያቄዬን ስላደነቀችልኝ አመሰግናለሁ። ጥርሴ ግን ያው ነው።

የእድገቱን ልክ ለማወቅ ትንሽ ወደኋላ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤማ ነት የምትባል ሴት ቦስተን ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ተቀጠረች። ከእሷ በፊት ሥራውን የያዙት ጎረምሶች ደንበኛ ላይ እየቀለዱና እየተሳደቡ አስቸግረው ስለነበር፣ ለስላሳ ድምፅዋ ትልቅ መሻሻል ተባለ። ኤማ ግን አንድ ነውር ነበረባት፤ ሽቦውን ሰክታ ደዋዩን ከፈለገው ሰው ጋር ታገናኘው ነበር። ከ140 ዓመት በላይ ከተደከመ በኋላ ይህ ጉድለት ታርሟል። ለስላሳው ድምፅ እንዳለ ተጠብቆ ማገናኘቱ ብቻ ተነቅሏል።

እንዲህ ያለ ጥበብ በየክሊኒኩ ተወስኖ መቅረቱ ያንገበግበኛል። ወደ ባህላችን መግባት አለበት፤ ለምሳሌ ወደ ሽምግልና። የልጅቱ አባት ሽማግሌ ሲያስተናግድ ቅዳሜውን ለምን ያቃጥላል? ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ ስልክ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። «ቤታችንን ስለመረጡ እናመሰግናለን። ይህ ንግግር ለጥራት ሲባል ሊቀዳ ይችላል።» ሽማግሌዎቹ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ለማለት ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። «ኧረ ተቀመጡ» የሚላቸው ግን የለም። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት ወንበር መኖሩን በምን ታውቃለች?

ቀጥሎ የዘር ቆጠራው ይመጣል፤ እስከ ሰባት ቤት። «የልጁ ስም?» «ጸጋዬ።» «ፊደል በፊደል ይንገሩኝ።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸውና «ቲ እንደ ቶም፣ ኤስ እንደ ሳም…» ብለው ይጀምራሉ። «አመሰግናለሁ፤ ቶምሳም ብዬ መዝግቤያለሁ። የአባት ስም?» «ወልደጊዮርጊስ።» «አንድ ቃል ነው ሁለት?» እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። እንደምንም ታርቀው አራተኛው ቤት ሲደርሱ መስመሩ ይቋረጣል። መልሰው ሲደውሉ ሌላ ሴት ታነሳለች፤ ቆጠራው ከልጁ ስም ይጀመራል። ምሽት ላይ ሰባተኛው ቤት ሲደረስ ከልጅቱ ዘር ጋር ይመሳከራል። ለካ የልጅቱም ዘር በዚሁ መስመር ነበር የተመዘገበው፤ በእሷም በኩል ቶምሳም የሚባል ቅድመ አያት ተገኘ። ዘመዳሞች ናቸው! ጋብቻው ፈረሰ። አባትየው ይህ ሁሉ ሲሆን ጓዳ ተቀምጦ ኳስ ያያል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ይደውልላቸዋል።

የነፍስ አባትም ቢገለገሉበት፣ ንስሐው በደቂቃ ስለሚታሰብ ኃጢአታችን ያጥራል። ዕድሩም ጥሩምባውን ትቶ «ሞትዎ ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነው፤ እባክዎ በመስመር ላይ ይቆዩ» ቢል ማን ይቀየማል?

ስልኩን ከምታነሳው ሴት ጋር ጠብ የለኝም። ልጇ እንዳያለቅስ፣ ውሻው እንዳይጮህ እየተሳቀቀች፣ ለማታውቀው ሐኪም የተላከ ስድብ ስትቀበል ትውላለች። የልጅ መዋያ ክፍያ ሰማይ በነካበት አገር ቤት ሆኖ መሥራት ለብዙ እናት እፎይታ ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። የሚያፍረው ቀጣሪው ይሁን። የቀጠሮ መዝገቡን ሳያሳያት፣ አንዲት ቀን የማዛወር ሥልጣን ሳይሰጣት፣ አፏን ብቻ ተከራይቶ በሽተኛ ፊት ያቆማት እሱ ነው። ምንም እንዳይመልስ ያደረጉትን ሰው መልስ ሰጪ ብሎ መቅጠር ማታለል ነው። እኔም ተናድጄ የምጮኸው በእሷ ላይ ነው፤ እሱ አይሰማም፤ ነገሩ የተሠራውም እንዳይሰማ ነው።

የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነበር፦ አድራሻው፣ መኪና ማቆሚያው፣ ዶክተሩ የሚገባባቸው ቀናት፤ ከእሱም ጋር የቀጠሮ መዝገቡ የይለፍ ቃል። እነዚህ የተሰጧት ሴት ጨረቃ ላይ ብትቀመጥ እንኳ ግድ የለኝም። ይህን መስጠት ከከበዳችሁ ግን፣ ክቡራን ሐኪሞች፣ ስልኩን ንቀሉና በራችሁ ላይ «ማንንም ማነጋገር አንፈልግም» ብላችሁ ለጥፉ። ወረቀት በደቂቃ አያስከፍልም።