የሐኪሞች አስማት

አስማት በግእዝ «ስሞች» ማለት እንጂ በራሱ ሌላ ምሥጢር የለበትም፤ ነገር ግን ደብተራው ስሞቹን ቆርጦና አጣምሞ በክታብ ላይ በጻፋቸው ጊዜ፣ ባለ ክታቡ ትርጓሜያቸውን ስላላወቀ አብዝቶ እንዲያከብራቸው ሆነ፤ የዘመናችን ሐኪምም ይህን ጥበብ ከየትኛው ጉባኤ ቤት እንደ ቀጸለው ባይታወቅም፣ እነሆ ከመምህሩ ልቋል።

ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. አዲሱን ጨረር ባገኘ ጊዜ፣ ምንነቱን ስላልደረሰበት «ኤክስ»፣ ማለት «ያልታወቀ»፣ ብሎ በትሕትና ሰየመው (የኛ ሰው ከጣሊያን አፍ ወስዶ «ራጅ» ብሎ ተገላግሏል)፤ ተከታዮቹን ግን እንዲህ ያለ ትሕትና አላስቸገራቸውም። በማግኔት ኃይል የሰውን ውስጠኛ አካል የሚያሳየው መሣሪያ በስሙ መጀመሪያ ላይ «ኑክሌር» የሚል ቃል ነበረበትና፣ በሽተኛው ቦምብ እየመሰለው ቢሸሽ፣ ቃሉን ገድፈው «ኤም አር አይ» ብለው እንደ ገና አጠመቁት። ራጅ ቅንጣት ታህል የሌለበት ይህ ምስኪን ክርስትና ሲነሣ፣ ከአንድ የደረት ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ጨረር ሊሰጥ የሚችለው «ሲቲ» ግን፣ ምናልባት ስሙ ከተማ ከተማ ስለሚሸት ይሆናል፣ ማንም ሳይፈራው በሰላም ይኖራል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ከሐኪም ቤት የተሰጣቸውን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡና፣ «ሲ ኤክስ አር፤ ኤን ኤ ዲ» የሚለውን በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «ልጄ፣ አትደብቀኝ፤ የነፍስ አባቴን ላስጠራ ወይ?» አሉኝ።

ትርጓሜው «የደረት ራጅ፤ እንከን አልተገኘበትም» ነው።