ጉዳዩ፦ የልጄ አባት መሆኔን ስለማስረዳት

ለተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ቅበላ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣

ልጄን እንዳልተቀበላችኋት የሚገልጸው ደብዳቤያችሁ በማርች መጨረሻ ደርሶናል። ምርጫው ምን ያህል እንዳስጨነቃችሁ ስላነበብን ከልብ አዝነናል። እኛም ቤት ሲጨነቅ የከረመ ሰው ስለነበረ ይገባናል።

ስለ ውሳኔው አልከራከርም። ከመቶ አመልካች አምስቱን እንኳ የማያስገባ በር ተዘጋብኝ ብሎ የሚያኮርፍ የዋህ ነው። ጉዳዬ ባለፈው ኦክቶበር እንግዳ መቀበያችሁ ውስጥ የገጠመኝን ይመለከታል፤ በዕለቱ ላሳያችሁኝ ጥንቃቄ ሳላመሰግን መቅረቴ ይቆጨኛል።

ዩኒቨርሲቲያችሁን ለመጎብኘት ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው። ፓርኪንግ ስለምሠራ ቅዳሜን እንዲሸፍንልኝ ባልደረባዬን ለምኜ፣ ለሠርግና ለክርስትና ብቻ የማወጣውን ሱፍ ለብሼ ነበር። ከፊታችን የነበሩት አባትና ልጅ የዩኒቨርሲቲው ስም የታተመበት ሹራብ ለብሰዋል፤ አባትየው የቀድሞ ተማሪ ናቸው። ስማቸውን ተናገሩ፣ ባጃቸውን አንጠለጠሉ፣ አለፉ።

ተራው የኛ ሆነ። እንግዳ ተቀባይዋ የልጄን ስም ኮምፒውተሯ ላይ አገኘች። የኔንና የባለቤቴን መንጃ ፈቃድ ተቀብላ አገላብጣ አየች። ሦስት ሰው፣ ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም። "የልጅቷ አባትስ የት አለ?" አለችኝ።

"ይኸው" አልኳት።

ፈገግ አለችና ጆሮው ለደከመ ሽማግሌ እንደሚናገሩት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ እያቆራረጠች፣ "ወላጅ አባቷን ማለቴ ነው" አለች። አስረዳሁ። በኛ ዘንድ ልጅ በአባቷ ስም ትጠራለች፤ ከልጄ ስም ቀጥሎ ያለው የኔው ስም ነው፣ ከኔ ቀጥሎ ያለው የአባቴ፣ ባለቤቴም የአባቷን ስም እንደያዘች ነው ያገባችኝ። ስሜ ልጄ ላይ ተጽፏል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ላምጣ? ኃላፊ ተጠራ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። እኔን አላናገረኝም። ልጄን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጎ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ "ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?" አላት።

ታውቀኛለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከሌሊት ሥራ ስመለስ ኬሚስትሪዋ ላይ ተደፍታ የማገኛት፣ መጽሐፉን ከግንባሯ ሥር ስቤ የማስተኛት ሰው ነኝ።

በመጨረሻ ባጅ ተሰጠን። የሌሎቹ "ወላጅ" ይላል፣ የኔ "እንግዳ"። አዳራሹ ውስጥ ተናጋሪያችሁ አመልካችን እንደ ሙሉ ሰው፣ ከነሥሩና ከነቤተሰቡ እንደምታነቡት ሲያብራሩ፣ ሁሉን ነገር የምትጽፈው ልጄ ደብተሯን አልከፈተችም።

ጥንቃቄያችሁ ያስመሰግናል። በ2019 በተጋለጠው የቅበላ ማጭበርበር፣ ጀልባ ቀዝፈው የማያውቁ የባለጸጋ ልጆች ቀዛፊ ተብለው ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በር ላይ እንዲህ የተመረመረ አባት አልሰማሁም። የኛዋ ሜሪላንድ ደግሞ በ2024 ኮሌጆቿ የቀድሞ ተማሪና የለጋሽ ልጅ እንዳያስቀድሙ በሕግ ከልክላለች። እናንተ ከግዛቷ ውጭ ስለሆናችሁ አባትሽ ማነው ማለት ትችላላችሁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄ ምን አለችኝ? "አባዬ፣ የዛሬውን ማመልከቻዬ ላይ ልጻፈው? ይወዱታል እኮ።" የተፈቀደላት 650 ቃል ነው። ያ ሁሉ ያለእንቅልፍ የተሠራ ሥራ አልበቃ ብሎ፣ የአባቷ ውርደት ስንት እንደሚያወጣላት ታሰላ ጀመር። የ17 ዓመት ልጅ ናት! ይህን ስሌት እኛ አላስተማርናትም፣ አስተማሪዎቿም አላስተማሯትም። እናንተ ናችሁ። ቁስልሽን አሳዪን፣ ግን አሳምረሽ ጻፊው የምትሉት እናንተ ናችሁ። ትንሽ እንኳ አታፍሩም?

"የተከበራችሁ" ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ በዚያው ልቀጥል።

አልጻፈችውም። ስለ ቫዮላዋ ጻፈች፣ አልወደዳችሁትም። በኦገስት መጨረሻ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ፓርክ ትገባለች።

አንድ ልመና አለኝ። ቅጻችሁ ላይ የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም ሊለያይ እንደሚችል የሚገልጽ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ለእንግዳ መቀበያው ሠራተኞችም አንብቡላቸው። ወንድሟ አሥረኛ ክፍል ነው፣ እናንተ ዘንድ አያመለክትም። የሌላ ሰው ልጆች ግን ያመለክታሉ፤ አባቶቻቸውም አብረዋቸው ይመጣሉ።