ሦስት እግር፣ ስድስት አሰላለፍ

ትራንዚስተር ሦስት እግር አለው፤ ኤሚተር፣ ቤዝና ኮሌክተር። ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ መግጠም ያቃተው ሰው እንኳ ይህን ያውቃል። ጣጣው አሰላለፋቸው ላይ ነው። ሦስት ነገር በስድስት መንገድ ይሰለፋል። ኪካድ የተባለው ነጻ የሰርኪት መንደፊያ ሶፍትዌር ደግሞ ስድስቱንም ለየብቻ ስሎ፣ ለየብቻ ስም አውጥቶ ላይብረሪው ውስጥ ለዓመታት ደርድሯቸው ኖሯል። ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አይለዩም፤ ያው ክብ፣ ያው መስመር፣ ያው ቀስት። የሚለያዩት እግራቸው ላይ በተጻፈችው ትንሽ ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ አዲስ አበባ የሚኖር ወዳጃችን ይህን ዝርዝር ሲያይ፣ «ፈረንጅ ሥራ ሲያጣ!» ብሎ ሳቀና የራሱን ሥዕል፣ በሙያው ቋንቋ ሲምቦል፣ ለመሳል ተቀመጠ። ወዳጃችን ሌላ ሰው የሠራውን መጠቀም ክብሩን ይነካዋል። በእጁ የነበረው ፒ2ኤን2222ኤ የተባለ ትራንዚስተር ነው። ይህ ትራንዚስተር ፒኤን2222ኤ የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። ሁለቱም ጥቁር ፕላስቲክ የለበሱ ናቸው፤ አንድ ጎናቸውም ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋውን ወደ ራስ አዙረው እግራቸውን ወደ ታች ሲያደርጉት፣ ዘመድየው ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ይላል፤ የወዳጃችን ደግሞ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር። ልዩነቱን የምትናገረው በስሙ መጀመሪያ የተሸጎጠችው አንዲት «2» ናት። ወዳጃችን ያነበበው የዘመዱን ዳታ ሺት፣ ማለትም የአምራቹን መግለጫ ሰነድ ነበር።

ሶፍትዌሩ ምንም አላለም። ምን ይበል? እግር 1 ኤሚተር ነው ሲሉት እሺ ይላል፤ ኮሌክተር ነው ቢሉትም እሺ ይላል። የነደፈው ቦርድ ቻይና ተሠርቶ መጣ፣ ተበየደ፣ ኤሌክትሪክ ተሰጠው፤ ትራንዚስተሩ ሊያንቀሳቅሳት የነበረችው ሪሌ ግን ትንፍሽ አላለችም። ተገልብጦ የገባ ትራንዚስተር በ5 ቮልት ወዲያው አይሞትም። ኤሚተሩና ኮሌክተሩ ሥራ ተለዋውጠው ይቀጥላሉ፤ ከረንት የማጉላት አቅሙ ግን በእጅጉ ይወድቃል። ወዳጃችን በመጀመሪያ ሪሌዋን ጠረጠረ፣ ቀጥሎ ፓወር ሳፕላዩን፣ ቀጥሎ ፋብሪካውን፣ ከዚያም «ይህን ጠረጴዛ ማን ነው የወለወለው?» ብሎ ባለቤቱን። ራሱ የሳለውን ሥዕል የጠረጠረው ሌላ የሚጠረጠር ሲጠፋ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሶፍትዌር አንድ ኮምፖነንት ሁለት አካል አለው። አንደኛው ስኬማቲክ በሚባለው የሰርኪት ንድፍ ላይ የሚቀመጠው ሥዕል፣ ሲምቦሉ ነው። ሁለተኛው ፉትፕሪንት ይባላል፤ ቦርዱ ላይ እግሮቹ የሚበየዱበት የመዳብ ቦታ፣ በትክክለኛ መጠኑ። ሁለቱ የሚተዋወቁት በቁጥር ብቻ ነው። የሲምቦሉ እግር 3 ከፉትፕሪንቱ ፓድ 3 ጋር ይገናኛል፤ ስሙ ምንም ቢሆን፣ ሥዕሉ ላይ የትም ቢቆም። ሲምቦልን የቀበሌ መታወቂያ በሉት፤ ፎቶው ቢያምርም ባያምርም ጉዳይ የሚያስፈጽመው ቁጥሩ ነው። ጀማሪ ግን ቀኑን ሙሉ የሚጨነቀው ለፎቶው ነው።

የ555 ታይመርን እንውሰድ። ሃንስ ካመንዚንድ በ1971 ነድፎት ሲግኔቲክስ በ1972 ለገበያ ያቀረበው ይህ ቺፕ ስምንት እግር አለው። ጀማሪው ቺፑን ከላይ ያየዋል፤ በግራ ከ1 እስከ 4፣ በቀኝ ከ5 እስከ 8። ሳጥን ይስልና ልክ እንዳየው ይደረድራቸዋል። ታማኝነቱ ያስመሰግናል፤ ስኬማቲኩ ግን አይነበብም። ግራውንድ የሆነው እግር 1 ላይኛው ጥግ ላይ ይሰቀላል፣ ፓወር የሆነው እግር 8 ትይዩው ይቆማል፣ ሽቦዎቹም ሳጥኑን እየዞሩ እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። የኪካድ ላይብረሪ ደንብ እግሮች በሥራቸው እንዲሰለፉ ያዛል፤ ፓወር ከላይ፣ ግራውንድ ከታች፣ ኢንፑት በግራ፣ አውትፑት በቀኝ። በዚህ ደንብ አውትፑት የሆነው እግር 3 ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ ቁጥሩን ግን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሌላው ወጥመድ ነጥቦቹ ናቸው። ከሥዕሉ ጀርባ የተነጠፈው የነጥብ መረብ በተለምዶ 50 ሚል፣ ማለትም 1.27 ሚሊሜትር ነው። የእግሩ ጫፍ ነጥብ ላይ ካላረፈ ሽቦው አያገኘውም። ወዳጃችን ደግሞ የውበት ሰው ነውና አንዷን እግር «ትንሽ ወደ ውስጥ ትግባ» ብሎ መረቡን አጥብቦ ገፋት። ከዚያ በኋላ ሽቦው እግሯን የነካ መስሎ ዓይን እያየ፣ ሶፍትዌሩ «አልተገናኘም» ይላል። ወዳጃችን ስክሪኑን በጣቱ እየነካ፣ «ይኸው! ይኸው!» እያለ ተሟገተ። ሶፍትዌር በጣት አይረታም።

ለእያንዳንዱ እግር ጸባይ መስጠትም ግዴታ ነው፤ ኢንፑት፣ አውትፑት፣ ትራይ ስቴት፣ ኦፕን ኮሌክተር፣ ፓወር ኢንፑት እያለ ደርዘን ይሞላል። ኢአርሲ የተባለው መርማሪ ሁለት አውትፑቶች አንድ ሽቦ ላይ ሲገጥሙ የሚጮኸው ይህን አንብቦ ነው። ጩኸት የማይወድ ሰው ግን አቋራጭ አለው፤ ሁሉንም እግር «ፓሲቭ» ይላል። ፓሲቭ ከማንም አይጣላም። ኢአርሲም ዜሮ ስህተት ይላል፣ ባለሙያውም ዜሮውን ለአለቃው ያሳያል። እንዲህ ያለ ዜሮ ከመቶ ስህተት ይከፋል ባይ ነው ይህ ጸሐፊ።

ከጩኸቶቹ ሁሉ አዲስ ሰው የሚያስለቅሰው «ለዚህ ፓወር ኢንፑት ኃይል የሚሰጠው ማነው?» የሚለው ነው። ባትሪው በኮኔክተር በኩል ገብቷል፤ የኮኔክተር እግር ግን ፓሲቭ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ኃይል ሰጪ አላየም። መፍትሔው ፓወር ፍላግ የምትባል ሲምቦል መስመሩ ላይ መትከል ነው። ፓወር ፍላግ ሱቅ ውስጥ የለችም፣ ቦርድ ላይ አትበየድም፣ ኤሌክትሪክ አታመነጭም። ሥራዋ «አዎ፣ በዚህ በኩል ኃይል ይገባል» ብሎ መመስከር ብቻ ነው፤ ሶፍትዌሩም አምኗት ዝም ይላል።

ሁለት ኦፕ አምፕ በአንድ ቅርፊት የያዘው ኤልኤም358 ደግሞ በሲምቦልነቱ ሦስት ቁራጭ ነው። ኤ እና ቢ በሦስት ማዕዘን የሚሳሉት ሁለቱ አምፕሊፋየሮች ናቸው፤ ሲ እግር 4 እና 8ን፣ ማለትም ፓወሩን ብቻ ይዟል። ሁለቱን ሦስት ማዕዘን አስቀምጦ ሲን የሚረሳ ብዙ ነው። ስኬማቲኩ ያምራል፤ ቦርዱ ላይ ግን ቺፑ ጾሙን ያድራል። ድሮ የፓወር እግሮችን ሲምቦሉ ውስጥ መደበቅ የተለመደ ነበር። እንደ 7400 ባሉ የሎጂክ ቺፖች እግር 14 እና 7 ሳይታዩ፣ በስማቸው ከሚጠራው መስመር ጋር በራሳቸው ይገናኙ ነበር። ምቹ ነገር ነበር፤ 5 ቮልትና 3.3 ቮልት አንድ ቦርድ ላይ እስኪገናኙ ድረስ።

ኪካድን በ1992 የጀመረው ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ሻራስ ነው፤ ከ2013 ጀምሮ የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት ሰርንም እጁን አስገብቶ አጎልብቶታል። ላይብረሪው ውስጥ ካሉት ሲምቦሎች ብዙዎቹን የሳሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሬዚስተር ሳይቀር በሁለት መልክ ተቀምጧል፤ ለአውሮፓ ልማድ ሳጥን፣ ለአሜሪካ ልማድ ዚግዛግ። የትኛው ያምራል በሚለው የሚጨቃጨቁ ሰዎች አሉ፤ እግሩ ግን በሁለቱም 1 እና 2 ነው።

ወዳጃችን ዛሬም የራሱን ይስላል፤ በዚህ እንኳ ልክ ነው። ራሱ የሚስል ሰው ዳታ ሺቱን እግር በእግር ማንበብ ይገደዳል። ከኢንተርኔት የሚያወርድ ግን የማያውቀው ሰው እንዳነበበለት ተስፋ ያደርጋል። ለመሳል የተነሣ አንባቢ ካለ አንድ ልመና አለን። ኪካድ በእያንዳንዱ ሲምቦል ውስጥ የዳታ ሺቱ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ አዘጋጅቷል፤ ብዙ ሰው ባዶውን ይተወዋል። እባክዎ የየትኛውን አምራች ሰነድ እንዳነበቡ እዚያ ላይ ይጻፉ።