ልጓም በአንገረብ ላይ፦ የካርቱም ማንኮራፋትና የመዋጮ ሕግ

አማርኛ ማንኮራፋትንና ማኩረፍን ከአንድ ቤት ያስወጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው የሌሊት ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ጠዋት ላይ ይከተላል፣ ሠራተኛው ግን ሌላ ሰው ነው። የዚህ ጥናት ክርክር የሚነሣው ከዚሁ ነው። ማንኮራፋትን ይከላከላል ተብሎ አፍ ውስጥ የሚገባውን ፕላስቲክ (ለአጭሩ ልጓም እንበለው) የሚያንኮራፋው ሰው ከኪሱ ይግዛ ማለት የሒሳብ ስሕተት ነው። እሱ ተኝቷል፤ ምንም አልጎደለበትም። ልጓሙ የሚጠቅመው ሲያዳምጥ ላደረው ስለሆነ ከፋዩም ያው አኩራፊው መሆን አለበት፤ አኩራፊው ብዙ ከሆነ በመዋጮ። ለጥናቱ የተመረጠችው ካርቱም ናት፤ በተለይም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ሐበሻው ኪራይ እየተጋራ ይኖርባቸው የነበሩት የደይምና የጅሬፍ ሰፈሮች።

ካርቱም የተመረጠችው በሙቀቷ ነው። በግንቦት ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ቢሆን ምሕረት የለውም። ክፍል ውስጥ የሚያድር ሰው በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ፣ ሙከይፉን፣ ይከፍታል፤ የሙከይፉም ጩኸት የሰውን ጉሮሮ ሁሉ እኩል ያደርጋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ግን ማን ምን እንደሆነ ይለያል። በካርቱም ማንኮራፋት መብራት ሲጠፋ የሚበራ ነገር ነው ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ አልጋ እየተጎተተ ወደ ግቢው፣ ወደ ሖሹ ይወጣል፤ የግል የነበረው ድምፅም የሰፈር ይሆናል። አልጋው አንገረብ ይባላል፤ በገመድ የተጠላለፈ፣ የእኛ የጠፍር አልጋ የሥጋ ዘመድ ነው። (ከጎንደሩ አንገረብ ወንዝ ጋር በስም መገጣጠሙን ለቋንቋ ሊቃውንት ትቼዋለሁ።) ገመዱ ሲላላ መኻሉ ይሰረጉዳል፤ የተኛውም ሰው ተንሸራቶ በጀርባው ይቀራል። በጀርባ ሲተኛ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ የአየር መንገዱ ይጠብባል፣ ለስላሳው ላንቃና እንጥል በሚያልፈው ትንፋሽ ይርገበገባሉ። የቀረውን ጎረቤት ይሰማዋል።

በጎን መተኛት የብዙ ሰውን ማንኮራፋት ያስታግሳል፤ ሱዳንም ይህን ሳታውቅ አልቀረችም። አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ራይስነር እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1916 በሱዳኗ ከርማ በቆፈራቸው መቃብሮች ከ3,500 ዓመት በፊት የተቀበሩ ታላላቅ ሰዎች በአልጋ ላይ፣ በቀኝ ጎናቸው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ተኝተው ተገኝተዋል። ከመካከላቸው እስከ ዛሬ ያንኮራፋ አልተመዘገበም። ከታላላቆቹ ጋር እንዲቀበሩ የተደረጉ ብዙ ሰዎች መኖራቸውም የአንድ ሰው የእንቅልፍ ወጪ በአጠገቡ ባሉት ላይ መጫኑ ጥንታዊ ልማድ እንደሆነ ያመለክታል። የሌላው ዓለም ድሃ መድኃኒት ከፒጃማ ጀርባ የቴኒስ ኳስ መስፋት ነው፤ ሰውየው በጀርባው ሲተኛ እየቆረቆረችው ይገላበጣል። አንገረብ ላይ ግን ኳሷ በገመዱ ቀዳዳ ትሾልክና ባለቤቷን በጀርባው ልታጸናው ትችላለች።

ወደ ልጓሙ እንመለስ። ርካሹ ዓይነት ፈልቶ በወረደ ውሃ ይነከርና ሲለሰልስ የታችኛው መንጋጋ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ተገፍቶ ይነከሳል፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል። መንጋጋው ሲቀድም ምላስም አብሮ ይቀድማል። ለቁጠባ ብሎ የቦክሰኛ የጥርስ መከላከያ የሚገዛ አለ፤ እሱ ጥርስን ከቡጢ ይጠብቃል እንጂ መንጋጋ አይገፋም፤ በዚህ ረገድ የሚጠቅመው ለኩርፊያው ማግስት ነው። በስዊዘርላንድ ደግሞ 25 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት የአውስትራሊያን ዲጀሪዱ ለአራት ወር መንፋት የቀን እንቅልፋምነትን እንደሚቀንስ፣ አብሮ የሚተኛውንም እንደሚያሳርፍ ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የኢግ ኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል። እኛ እምቢልታ አለን። ሆኖም ሌሊቱን ለማሳረፍ ብሎ በሖሹ መካከል ቀኑን እምቢልታ መንፋት ዕዳን በዕዳ መክፈል ነው።

ተቃውሞ አይጠፋም። የሚያንኮራፋው «እኔ አላንኮራፋም» ይላል፤ በክፍሉ ውስጥ ያልነበረ ብቸኛ ሰው እሱ ስለሆነ ምስክርነቱ አይያዝም፤ በስልክ መቅዳት ይበቃል። መዋጮ ከተጀመረ የማያንኮራፋውም ለጥቅም ሲል ያንኮራፋል የሚሉም አሉ። እነዚህ ልጓም ምን እንደሆነ አልገባቸውም፦ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ ጠዋት መንጋጋን ያሳምማል፣ ሲቆይ ጥርስ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ጥርሱ የሚነቃነቅ ሰውማ ጭራሽ ባይሞክረው ይሻላል። ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው፦ ጆሮን በጥጥ መድፈን ይረክሳል። ይረክሳል፤ ግን የሚያንኮራፋ ሰው ትንፋሹ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ እየተቋረጠ ታፍኖ የሚባንን ከሆነ ነገሩ የፕላስቲክ ሳይሆን የሐኪም ጉዳይ ነው፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ ጆሮው ያልተደፈነ ጎረቤት ብቻ ነው። ምንም አልጎደለበትም ያልኩትን እዚህ ላይ አርማለሁ። መዋጮው ግን አይታረምም፤ አኩራፊው ከፋይ ብቻ ሳይሆን መርማሪም ሆኗል።

ልጓሙ ጠዋት ጠዋት በብሩሽና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። በፈላ ውሃ ከታጠበ የመንጋጋው ልክ ይጠፋል፤ መዋጮውም እንደገና ይሰበሰባል።