እያወቀ ዝም የሚለው ፕሮግራም

ኧረ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንሆነው? ጥር ሲገባ የሠርግ ባነርና የጥሪ ካርድ ይደራረባል። ደንበኛው ወንበር ስቦ አጠገባችን ተቀምጦ «አላለቀም እንዴ?» ይላል። ፎቶሾፑ ግን ብሩሹን ጎትተን ከጨረስን በኋላ ነው መስመሩን እየቆየ የሚያሳየን። የሙሽራዋን ፀጉር ከጀርባው ስንለይ አምሽተን፣ ሴቭ ልናደርግ ስንል «ስክራች ዲስክ ሞልቷል» ብሎ ቀጥ ይላል። ልብ ያደርቃል።

ሸክሙ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። 3 በ2 ሜትር የሆነ ባነር በ100 ዲፒአይና በሲኤምዋይኬ ሲሠራ፣ አንድ ሙሉ ሌየር ብቻውን ወደ 370 ሜጋባይት ይይዛል። «በ300 ይሁንልኝ» ያለ ደንበኛ ከመጣ ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ ከ3 ጊጋባይት ያልፋል። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ፣ ካልቀነስነው በቀር፣ ያለፉትን 50 እርምጃዎች በሂስትሪ ይዞ ይቀመጣል። ኮፒ ያደረግነው ትልቅ ምስልም ክሊፕቦርዱ ላይ እንዳለ ነው። 8 ጊጋባይት ራም ይህን አይችለውም። ራሙ ሲሞላ ሥራው ስክራች ዲስክ ወደተባለው የዲስኩ ቦታ ይዞራል፤ መንቀርፈፉም ከዚያ ይጀምራል።

መድኃኒቱ ኤዲት ውስጥ ያለው፣ ሂስትሪውንና ክሊፕቦርዱን የሚያጸዳው ፐርጅ ነው። ግን እሱም ዋጋ አለው። ሂስትሪው አንዴ ከጸዳ አይመለስም፤ ደንበኛው «የቅድሙ ይሻል ነበር» ካለ እንደገና መጀመር ነው። ስለዚህ ከማጽዳታችን በፊት በሌላ ስም ሴቭ እናደርጋለን፤ ዲስኩም ይብሱን ይጠባል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ጊዜያዊ ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ ይቀራሉ። እነሱንም ፈልገን የምናጠፋው እኛው ነን።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ፕሮግራሙ ሁሉን ማወቁ ነው። ከመስኮቱ ግርጌ ካለችው ቀስት ኢፊሸንሲ የሚለውን ለመረጠ ሰው ቁጥሩን ያሳያል፤ ከ100 በመቶ ሲወርድ በዲስክ እየሠራ ነው ማለት ነው። ታዲያ ይህን ስንቱ ያውቃል? ሥራው የሚጠፋበትን ሰው ቀድሞ ማስጠንቀቅ ምን ይከብዳል? ዲስኩ ሊሞላ ሲል «አሁን ሴቭ አድርግ፣ ይህንና ያንን አጽዳ» የሚል አንድ መልእክት ይበቃን ነበር። የምንለምነው አዲስ ብልሃት አይደለም፤ የሚያውቀውን በጊዜው እንዲነግረን ብቻ ነው።