ካሳ ነኝ፤ የትኛው ካሳ?

ቆቦ ገበያ መሀል ቆማችሁ «ካሳ!» ብላችሁ ብትጣሩ ባጃጁን የሚያቆም ይኖራል፣ ከማሽላ ጆንያው ቀና የሚል ይኖራል፣ ከሻይ ቤት በረንዳ ላይ «አቤት!» የሚልም አይጠፋም። ከነዚህ አንዱ እኔ ነኝ። አቤት ማለት ግን ከሰለቸኝ ቆየ። አሁን አሁን ስሜ ሲጠራ ዝም እላለሁ። እኔን ፈልጎ ከሆነ ይደግመዋል፣ ሌላውን ከሆነ ሌላው ይሰማዋል። ታዲያ ይኼም ጣጣ አላጣም፤ «ካሳ እኮ ኮርቷል፣ ሰው ሲጠራው አይሰማም» ተባልሁ።

በሰው አልፈርድም፤ የራሴ ስልክም ያው ነው። ካሳ ወፍጮ፣ ካሳ ጎብዬ፣ ካሳ ሮቢት፣ ካሳ ቀዩ፣ ካሳ አዲሱ ቁጥር፣ «ካሳ አታንሳ» የሚል ሳይቀር አለ። እኔ ደግሞ በሰዉ ስልክ ውስጥ ምን ተብዬ እንደተቀመጥሁ አላውቅም፤ መጠየቁንም ትቼዋለሁ።

በስልክ ብር መላክ ከተጀመረ ወዲህማ ኑሮዬ የሞክሼ ኑሮ ሆኗል። «ብሩ ደረሰህ?» ይለኛል አንዱ። «የቱ ብር?» እለዋለሁ። «የላክሁልህ ነዋ! ስምህን አይቼ ነው የተጫንሁት።» ስሜን አይቶ! ስሜንማ ማን ያላየው አለ? ከዚያ በኋላ ያለው ልመና ነው። የማያውቁትን ካሳ ደውሎ ማግኘት፣ ብሩ የሌላ ካሳ መሆኑን ማስረዳት፣ አላህንም ማርያምንም እየጠሩ መለማመጥ። ደግ ካሳ ከገጠመ ይመልሳል። ክፉ ካሳ ከገጠመ ስልኩን ይዘጋል፤ ከተማው ደግሞ «ካሳ የሰው ብር በላ» ይላል። የትኛው ካሳ? ማንም አይጠይቅም።

ስሙ እንዲህ የበዛበትን ምክንያት የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ካሳ ከሚባል ልጅ በፊት የሞተ ልጅ አለ። እናት ያጣችውን ቆጥራ፣ የተሰጣትን ተቀብላ ያወጣችው ስም ነው። ምትኩ፣ ተተካ፣ ማስረሻ፣ መካሻ የሚባሉትም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። የራያ ቆላ ደግሞ ልጅ በቀላሉ የሚያድግበት አገር አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣ ከዞብል ተራራ ግርጌ እስከ ጎሊና ወንዝ ዳር ድረስ ወባ ይነሳል፤ ወባው ሲያርፍ ድርቁ ይመጣል። የ1966ቱን ረሀብ አባቶቻችን ነግረውናል። በ1977ቱ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው ኮረም ከአላማጣ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ የእኛም ሰው ተሸክሞ የወጣውን ልጅ ሳይመልሰው ቀርቷል። ከዚያ ወዲያ በተወለደው ላይ ካሳ ቢበዛ ምን ይገርማል? ስሙ የበዛው ሞቱ ስለበዛ ነው። ስለዚህ ስሜን አልጠላውም። ምሬቴ ስሙን ከሚያንገላቱት ጋር ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ሔዋን ቃየን በገደለው በአቤል ፈንታ ሌላ ዘር ተሰጠኝ ብላ ልጇን ሴት ብላዋለች። የመጀመሪያው ካሳ እሱ ነው ማለት ነው። (ይህን ስም ዛሬ ቆቦ ላይ ለወንድ ልጅ ብናወጣው ምን ዓይነት እሮሮ እንደሚመጣ አስቡት።) ዓረቦችም ዓወድ የሚሉት ስም አላቸው፤ ያም ምትክ፣ ካሳ ማለት ነው። ሱዳንም የመንም በዓወድ የተሞላ ነው። እነሱስ ብራቸው ለማን ይደርስ ይሆን?

አማርኛ ካሳ፣ ካሳዬ፣ ካሳሁን፣ ካሳው፣ ካሳነሽ ይላል። ትግርኛ ካሕሳይ፣ ካሕሱ ይላል። ሥሩ አንድ ነው፤ ትግርኛ የ«ሐ»ን ፊደል ይዞ ቀረ፣ አማርኛ ዋጣት፣ በቃ። ራያ ላይ ሁለቱም ይጠሩበታል። አባት ካሕሳይ፣ ልጅ ካሳው፣ የልጅ ሚስት ደግሞ የመሐመድ ልጅ ብትሆን ማንም ዞር ብሎ የማያይበት አገር ነበር። ነበር ነው የምለው። ዛሬ ኬላ ላይ መታወቂያ የሚቀበለው ልጅ እግር ፊደል ይቆጥራል። «ሐ» ካለችበት አንድ ፊት ያሳያል፣ ከሌለችበት ሌላ ፊት። ወደ ሰሜን ሲኬድ ደግሞ ፊቱ ይገለበጣል። እናት ለሞተ ልጇ ማስታገሻ ያወጣችው ስም የወገን ማስረጃ ሆኖ አረፈው። እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል።

የሚያናድደኝ እኮ የሁለቱም ወገን ንጉሥ ካሳ መሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ እስኪነግሡ ድረስ ካሳ ኃይሉ ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስም በጥር 1864 አክሱም ላይ ዘውድ እስኪጭኑ ድረስ ካሳ ምርጫ ነበሩ። አንዱ ካሳ በሌላው ካሳ መጨረሻ ላይ እጁ አለበት፤ በ1860 የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ሲመጣ የትግራዩ ካሳ መንገዱን ለቀቀለት፣ ስንቅም እንዲገዛ ፈቀደለት። ጦሩ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር፣ ከእኛ ቆላ በላይ ባለው ደጋ አድርጎ መቅደላ ወጣ። የፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የቋራው ካሳ፣ ቴዎድሮስ፣ ሽጉጣቸውን ጠጡ። እንግሊዞቹ ሲመለሱ ለትግራዩ ካሳ ውለታውን በመድፍና በጠመንጃ ከፈሉ፤ እሳቸውም በሐምሌ 1863 ዓድዋ ላይ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን፣ ከቴዎድሮስ ቀጥሎ የነገሡትን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት በዚያ መሣሪያ ሰበሩት። ካሳ በካሳ ላይ ተከፈለ ማለት ይኼ ነው። ደግሞ በዚያን ጊዜ የተጻፉ የእንግሊዞች መጻሕፍት የትግራዩን «ካሳይ» እያሉ ይጽፋሉ። ስማችንን እንደመጣለት የሚጽፍ ጸሐፊ ያኔም አልጠፋም።

ሕዝቡ ግን አልተምታታበትም። አንዱ መይሳው ካሳ፣ አንዱ በዝብዝ ካሳ ነው። አንዱ አባ ታጠቅ፣ አንዱ አባ በዝብዝ። ማንም እረኛ የትኛው ካሳ እንደሚመጣበት ያውቅ ነበር፤ የፈረስ ስም ለዚህ ይጠቅማል። በኋላ ደግሞ ሌላ ካሳ ኃይሉ ተነሡ። የጎረቤታችን የላስታው የደጃዝማች ኃይሉ ልጅ፣ የራስም የአባትም ስማቸው ከቴዎድሮስ ጋር አንድ ነው። እሳቸውን «ራስ» የሚለው ማዕረግ ለያቸው። መጋቢት 1928 ማይጨው ላይ ከተሸነፍን በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በዚያው በአሸንጌ በኩል ሲያፈገፍጉ ማንም ከቴዎድሮስ ጋር አላምታታቸውም። እንግዲህ እኔ ፈረስ የለኝ፣ ማዕረግ የለኝ። አባ ምን ልባል?

የእኔ መለያ ሦስት ባዶ ሣጥን ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ጽፎልን ነበር፤ እሱ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ቀረ። ሦስቱ ሣጥን ይበቃል ትሉ ይሆናል። ቆቦ ላይ አይበቃም። ካሳ የበዛበት አገር ይመርም አሊም ኃይሉም ይበዛበታል፤ ሦስቱም የሚገጥሙበት ጊዜ አለ። ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስሜ ከነአያቴ ተጠርቶ ሁለት ሰው ስንነሣ የተያየነውን መተያየት አልረሳውም። እሱ የኩላሊት ነበር፣ እኔ የጥርስ። ማን የማንን መድኃኒት ሊውጥ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

የፊደሉ ደግሞ ለብቻው ነው። «በንጉሡ ሠ ነው በእሳቱ ሰ?» ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ስሙን ያወጣችው እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የትምህርት ቤቱ ወረቀት በእሳቱ፣ የመሬት ደብተሩ በንጉሡ፣ የቀበሌ መታወቂያው ጸሐፊው በዚያ ቀን እንደተነሣበት መንፈስ። በላቲን ሲሆን ደግሞ አንድ «ኤስ» ነው ሁለት «ኤስ» የሚል ክርክር አለ። የሚያበግነኝ፣ እነዚህን ሁሉ የጻፉት እነሱ ናቸው፤ ልዩነቱን አስረዳ የምባለው ግን እኔ ነኝ። «ለምን ተለያየ?» ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፣ የጻፍሁት እኔ ይመስል። ይባስ ብሎ የሰሜኑ ጦርነት በሐምሌ 2013 ቆቦ ገባ፣ በነሐሴ 2014 ደግሞ ተመልሶ መጣ። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ብዙ ነው። የተረፈለት አንድ ወረቀት ላይ ያለችው ፊደል፣ ትክክል ሆነችም አልሆነች፣ ስሙ ሆና ቀረች።

አንድ ባንክ ሒሳቤን እንዳንቀሳቅስ ያገደኝ በዚችው ፊደል ነው። «ሁለቱም ስም የአንተ መሆኑን ከፍርድ ቤት አምጣ» ተባልሁ። ሄድሁ፤ ምስክር አቅርብ ተባልሁ፤ አብሮ አደጌን አቀረብሁ። ስምህ ማን ነው ቢባል «ካሳ»። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የሳቁት ሰዎች ማግሥቱን ፋይሌን በምስክሩ ስም ከፍተውት አገኘሁ።

ፋይዳ ሲመጣ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ እውነት ለመናገር ዛሬም ተስፋዬ እሱ ላይ ነው። በ2015 በአዋጅ ቁጥር 1284 የጸና መታወቂያ ነው፤ አሻራና የዓይን ብሌን አንሥቶ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ካሳ ሁሉ በመጨረሻ በየቁጥሩ ሊቆም! ይሁን እንጂ ቁጥሩ ማን እንደሆንሁ እያወቀ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ቁጥሩን ትቶ ስሜን ነው የሚያነበው። ሁለት «ኤስ» አየ፣ ፋይሉ ላይ አንድ «ኤስ» ነው፤ «ተመለስ»።

የክርስትና ስሜንማ አላነሣም፤ እሱን የሚያውቀው ቄሱና እናቴ ናቸው። ችግሩ ሲሞቱ ነው። ፍትሐቱ በአንድ ስም፣ የእድሩ ጥሩንባ በሌላ። ባለፈው እድሩ «ካሳ አርፏል» ብሎ አስነገረ፤ አክስቴ ከሮቢት ድረስ እያለቀሰች መጥታ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ አገኘችኝ። ሰደበችኝ። አለመሞቴ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረ።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ልጆቻችንስ? ካሳነሽ የነበረችው በደላላው ምክር በፓስፖርት ላይ ፋጡማ ሆና ትሄዳለች። ስትመለስ ያጠራቀመችውን የምታወጣው በፋጡማ ስም ነው፣ ቤት የምትገዛው በካሳነሽ ስም ነው፤ ሁለቱን ሴቶች የሚያስታርቅ ዳኛ ፍለጋ ስትዞር ዓመት ያልፋል። የእኔ «ሠ» ከእሷ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

አሁን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቢሮ የምትቀመጡ ወንድም እህቶቼ፣ ቁጥር ከያዝን ቁጥሩን እዩልን፤ ቁጥር ከሌለን የእናታችንን ስም ጠይቁ፣ ቅጹ ላይ ቦታ አለው፣ ባዶውን ነው የምታሳልፉት። በፊደል የተሳሳታችሁትን ራሳችሁ አርሙት እንጂ ፍርድ ቤት አትስደዱን። ኬላ ላይ ያላችሁም «ሐ»ን ተዉልን። ብር የምትልኩልኝ ወዳጆቼ ደግሞ ካሳ የሚለውን አይታችሁ አትጫኑ፤ የአባቴን ስም አንብቡ፣ ካነበባችሁ በኋላም ሳትልኩ በፊት ደውሉልኝ። «አቤት» እላለሁ።