የአከራይ ሚና በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ዕድገት

ስለ ወጣት ደራሲ አበሳሰል እስካሁን የተጻፈው ሁሉ አንድ ወሳኝ ሰው ዘሏል። ሐያስያን መምህሩን ጠቅሰዋል፣ ያነበባቸውን መጻሕፍት ቆጥረዋል፣ የመጀመሪያ ፍቅሩን ያለ ርኅራኄ መርምረዋል። አከራዩን ያነሣ ግን የለም። ከደብረ ማርቆስ፣ ከደሴ ወይም ከአምቦ ተነሥቶ አንድ ደብተር ሙሉ ግጥም ይዞ አዲስ አበባ የሚገባ ወጣት ከማንኛውም አርታኢ አስቀድሞ የሚያገኘው ደላላ ነው፤ ደላላውም የሚያደርሰው ማተሚያ ቤት ሳይሆን አከራይ ደጃፍ ነው። የዚህ ጥናት መከራከሪያም ከዚሁ ይነሣል፤ በአዲስ አበባ ወጣቱን ደራሲ ለወግ ለማዕረግ የሚያበቃው አከራይ ነው። የሚጽፍበትን ሰዓት፣ የጽሑፉን ርዝመት፣ የሚመርጠውን ዘውግ፣ እንዲያውም ለዓለም ያለውን አመለካከት የሚወስነው የግቢው ሕግ ነው።

ማስረጃውን ከአምፖል እንጀምር። በአንድ ግቢ ውስጥ የሚከራየው ክፍል ብዙ ነው፤ ቆጣሪው ግን አንድ። የመብራት ሒሳብ በጋራ ስለሚከፈል ሌሊት የሚበራ አምፖል የግቢው ሁሉ ጉዳይ ይሆናል፤ «አንተ ልጅ፣ አሁንም አልተኛህም?» የሚለው የአከራይዋ የእትዬ ድምፅም ከበሩ ማዶ ይሰማል። ይህ ወጣቱ በሕይወቱ የሚገጥመው የመጀመሪያው ሒስ ነው፤ ከኋለኞቹ የሚለየው በጋዜጣ መልስ ስለማይሰጥበት ብቻ ነው። ውጤቱን ለማየት መጻሕፍት መደብር ጎራ ማለት ይበቃል። የወጣቶች የመጀመሪያ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የግጥም መድበል ነው፤ ከዚያ የአጫጭር ልብ ወለዶች ስብስብ ይመጣል፤ ረጅሙ ልብ ወለድ ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜም ከጋብቻ በኋላ ይከተላል። ምሁራን ይህን ቅደም ተከተል ከቅኔ ባህላችን ጋር ያያይዙታል። ቅኔያችን ክብሩ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ግጥም መብራት ሳይጠፋ ያልቃል፤ ረጅም ልብ ወለድ የራስ ቆጣሪ ይፈልጋል። ዛሬ በስልክ ብርሃን መጻፍ ይቻላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይቻላል፤ ስልኩ ቻርጅ የሚደረገው ግን ከዚያው ከእትዬ ሶኬት ነው።

ሁለተኛው የግቢ ሕግ «እንግዳ አይገባም» ይላል። የአዲስ አበባ የሥነ ጽሑፍ ማኅበረሰብ በሙሉ ከዚህች አንቀጽ ተወልዷል ማለት ይቻላል። ጓደኛውን ቤቱ ማስገባት የማይችል ወጣት በፒያሳና በአራት ኪሎ ካፌዎች አንድ ማኪያቶ ይዞ ግማሽ ቀን መቀመጥን ይማራል፤ የተቀመጡ ሦስት ሰዎች ደግሞ ወይ ፓርቲ ይመሠርታሉ ወይ የሥነ ጽሑፍ ክበብ። (ቶሞካ በቁም ስለሚጠጣበት ለዚህ አስተዋጽኦው ውስን ነው።) የበሩ መዝጊያ ሰዓትም በሥነ ውበት ላይ የራሱን አሻራ ትቷል። በራስ ሆቴል ይዘጋጅ በነበረው ግጥም በጃዝ ዓይነት ምሽት ላይ ግጥሙን አንብቦ፣ ጭብጨባው ሳይበርድ ከአዳራሹ የሚወጣ ወጣት አጋጥሞዎት ይሆናል። ታዳሚው ትሕትናውን ያደንቃል፤ ልጁ ግን በሩ ሦስት ሰዓት ላይ ይቆለፍበታል።

ዋናው ማስረጃ ግን ኪራዩ ነው። እትዬ ለአዲስ ተከራይ የሚያቀርቡት ጥያቄ «ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?» የሚል ነው። ወጣቱ «ደራሲ ነኝ» ይላል። «እሱስ ደግ፤ ሥራህን ነው የጠየቅኩህ» ይላሉ። የወጣትነት ዘመን የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ በቀጣዩ ግቢ ሲጠየቅ «ጋዜጠኛ» ወይም «አስተማሪ» ብሎ ይመልሳል፤ ውሸታም እንዳይባልም ሥራውን ሄዶ ይቀጠራል። በዓሉ ግርማ ከኢሉባቦር መጥቶ በጄኔራል ዊንጌት ተማረ፤ ከዚያም «መነን» መጽሔትንና «አዲስ ዘመን» ጋዜጣን በአርታኢነት መራ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም ከዓድዋ አካባቢ መጥቶ ዕድሜውን በጋዜጣና በመጽሔት ቤቶች አሳለፈ። የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሁለቱን ሰዎች በዘይቤ ያወዳድራቸዋል፤ በዓሉ በ1972 ያሳተመው «ደራሲው» ለስብሐት ሕይወት የቀረበ መሆኑንም ያወሳል። ሁለቱም በየወሩ መጨረሻ ደመወዝ የሚቀበሉ ሰዎች እንደነበሩ ማስታወስ ግን ለዚህ ጥናት ተትቷል።

ይህ ንድፈ ሐሳብ እውነት ከሆነ አከራይ በሌለበት ሥነ ጽሑፍ ምን ይሆናል? ታሪክ ሙከራውን ራሱ አካሂዶልናል። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራይም ቀነሰ፤ አከራይ በሕግ ተሻረ። (እትዬ ግን «ደባል» በሚል ስም ኅቡዕ ገብተው ሥራቸውን ቀጥለዋል።) ደራሲው በርካሽ ቤት፣ ገጽ ሳይቆጥር ሊጽፍ ነው ስንል ግን በአከራይ ቦታ ሳንሱር ቆመ። ከዚያ በፊትም ሳንሱር ነበር፤ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ምስክር ነው፤ ነገር ግን አሁን ክፍሉን ብቻውን ያዘው። በዓሉ በ1975 «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለ አከራዩ ክፋት የሚያማርር ወጣት ይህን ዓመት በቃሉ ይያዝ፤ እትዬ ቢቆጡ ዕቃ ያወጣሉ እንጂ ሰው አያጠፉም። ከ1983 በኋላ የግል አከራይ ተመለሰ፤ በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅም ቅድመ ምርመራን ከለከለ። አንዱ ሲገባ ሌላው የወጣበት ምክንያት ለፖለቲካ ሳይንስ ይተዋል።

«ታዲያ ሀዲስ ዓለማየሁስ?» የሚል ይኖራል። ክቡር ሀዲስ በ1902 ተወልደው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ነው፤ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል። መጽሐፉ ከአምስት መቶ ገጽ ይበልጣል። የቤት ኪራይ የማያሳስበው ሰው ምን ያህል ሊጽፍ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ በ1900 ሮም ታትሟል፤ ቀጭን ነው፤ የሮማ አከራዮችን ጠባይ የሚያጠና ሰው ቢገኝ መልካም ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖረውስ? ለእሱ እናቱ አሉ፤ በመብራት ረገድ ልዩነት የለም። የበለጠ የሚከብደው የሴቷ ጉዳይ ነው። ወጣቷ ብቻዋን ክፍል ስትጠይቅ ብዙ አከራዮች «ለሴተ ላጤ አናከራይም» ስለሚሏት አክስቷ ቤት ትገባለች። አክስት ኪራይ አይጠይቁም፤ እንጀራ መጋገርና ቡና ማፍላት ብቻ ነው። በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የሴት ስም ለምን እንደሚያንስ የሚደረጉ ዐውደ ጥናቶች በዚህ ነጥብ ቢጀምሩ ከምሳ በፊት ያልቁ ነበር።

ስለ ወደፊቱ ጥናቱ ተስፋ አለው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት ለአንድ መካከለኛ ልብ ወለድ ይበቃል፤ ስለዚህ የአማርኛ ልብ ወለድ የገጽ ብዛት ይጨምራል ብለን እንተነብያለን። በዚያው ዓመት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ስለፈረሱ ርካሹ ክፍል ወደ ከተማዋ ዳር መሸሹ፣ የታክሲ ሰልፉም የመጻፊያውን ሰዓት መብላቱ ትንበያችንን ሊያዛባው ይችላል። ይህን የሚያነቡ አከራይ ካሉ አንድ ልመና አለን። የኋላ ክፍል የሚኖረው ልጅ መጽሐፉን ወመዘክር አዳራሽ ሲያስመርቅ የጥሪ ካርድ ይሰጥዎታል። ይሂዱ፤ አንድ ቅጂም ይግዙ። ገንዘቡ በወሩ መጨረሻ ወደ እርስዎ መመለሱ አይቀርም።